የኒውክሌር ማመንጫ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስታንዳርድ፦ የአሜሪካው፣ የፈረንሳዩ፣ የራሺያው ወይስ ዓለም አቀፉ?

ባለፈው ሳምንት ድሮ ያስተማርኩት ልጅ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ላይ ያዘኝ። አሁን ኢንጂነር ነው፣ ያውም ጎበዝ። ቡናው ሳይቀዳ ጥያቄውን ዘረገፈው። «ጋሼ፣ ኒውክሌር ሊመጣ ነው ይባላል። የኤሌክትሪክ ዕቃውን ስታንዳርድ ላጥና ብዬ ብከፍተው አንድ መስሎኝ አምስት ሆኖ ቁጭ አለ። የአሜሪካውን ልያዝ፣ የፈረንሳዩን፣ የራሺያውን? የቱ ይሻላል?»

ለእሱ የመለስኩለትን ትንሽ አስፍቼ ልጻፈው። ይህን የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ አይደለምና። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ወሬው ሁሉ ወደ አቶም ዞሯል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከራሺያው የመንግሥት የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። ፊርማ ግንባታ አይደለም፣ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ዛሬ ማንበብ የጀመረ ልጅ አይከስርም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው።

ስለ ነዳጁና ስለ ዩራኒየሙ አላወራም። የማወራው ስለ ኬብል፣ ሞተር፣ ብሬከር፣ ባትሪና ሪሌ (መስመሩን እየተከታተለ ሌላውን ዕቃ የሚያዝ መቀየሪያ) ነው። ለምን ይህን ያህል ይጠነቀቁለታል ካላችሁ፣ ሪአክተር፣ ሙቀቱ የሚመነጭበት የማመንጫው ልብ፣ እንደ ምድጃ አይደለም፣ ስላጠፋኸው አይበርድም። በቆመበት ቅጽበት እንኳ ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ገደማ ሙቀት ማውጣቱን ይቀጥላል። ያን ሙቀት የሚወስደው ውሃ ነው፣ ውሃውን የሚገፋው ፓምፕ፣ ፓምፑን የሚያዞረው ደግሞ ኤሌክትሪክ። ስለዚህ መብራት አመንጪው ቤት ራሱ መብራት እንዳይጠፋበት ይፈራል። ጎንደሬ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አዘዞ የተቃጠለው ሞተር

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። አዘዞ መንገድ ላይ ያለ አንድ ባለወፍጮ ማታ ደወለልኝ። «ወንድምዓለም፣ ቶሎ ድረስ።» ስደርስ ቤቱ በቫርኒሽ ሽታ ታፍኗል። የሞተሩን ክዳን ስንፈታው የጥምጥሙ ሁለት ሦስተኛ እንደ ከሰል ጠቁሯል፣ ቀሪው ሦስተኛ ግን ዛሬ የተጠመጠመ ይመስል ያበራል። የዚህን ምልክት ሞተር ጠምጣሚ ሁሉ ያውቀዋል። ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ፣ አንድ ፌዝ፣ ጠፍቷል፣ ሞተሩ በሁለቱ እያጉረመረመ ቀርቷል፣ የተሸከሙት ነደዋል። ባለወፍጮውን የከነከነው ሌላ ነው። «ብሬከሩ እኮ አልወደቀም! ኦሪጅናል ነው ብለው ነው የሸጡልኝ።»

ኦሪጅናል ነበር። ጥፋቱ የብሬከሩ አይደለም። ብሬከሩ የተሠራው ለሾርትና ለከባድ ጭነት ነው፤ «አንድ ፌዝ ቢጠፋስ?» ብሎ የጠየቀው የለም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። ኢሊኖይ ውስጥ ባይረን የሚባል ማመንጫ አለ። ጥር 30 ቀን 2012 ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ ሽቦውን የሚሸከም አንድ የሸክላ ኢንሱሌተር ተሰበረና አንድ ፌዝ ተቋረጠ። ልክ እንደ አዘዞው። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሪሌዎቹ ሁለት ነበሩ፣ የመጠባበቂያውን ዲዝል ጀነሬተር ለማስነሳት ደግሞ ሁለቱም «ቮልቴጅ ወርዷል» ማለት ነበረባቸው። አንዱ አየ፣ ሌላው አላየም። ሪአክተሩ ቆመ፣ የደኅንነት መስመሮቹ ግን በጎደለ ፌዝ ላይ እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። ኦፕሬተሮቹ ነገሩ ገብቷቸው ብሬከሩን በእጃቸው እስኪከፍቱት 8 ደቂቃ ገደማ አለፈ። ከፈቱት፣ ዲዝሎቹ ተነሱ፣ ነገሩ በረደ።

እያንዳንዱ ዕቃ ስታንዳርዱን አሟልቶ ነበር። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን አንድ ነበር። እኔ ስታንዳርዶችን የማወዳድረው በዚህ ነው፦ የትኛው ምን ይጠይቃል? «የቱ ይጠብቃል፣ የቱ ይላላል?» ብላችሁ ብትነሱ ዓመት ብታነቡም መልስ አታገኙም።

የአሜሪካው

መሠረቱ የኤሌክትሪክ ኢንጂነሮች ማኅበር የሆነው አይትሪፕልኢ (IEEE) የሚያወጣቸው፣ በቁጥር የሚጠሩ ስታንዳርዶች ናቸው፣ ከኋላቸው የቆመው ደግሞ የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሕግ። አከፋፈሉ ቀላል ነው። ዕቃው ወይ «ክላስ 1ኢ» ነው ወይ አይደለም። መሃል የለም። ሪአክተሩን ለማቆም፣ ለማቀዝቀዝ፣ ጨረር እንዳይወጣ ለማገድ የሚያስፈልግ ከሆነ ውስጥ ነው፤ ካልሆነ ውጭ።

የሁሉ አባት ቁጥር 323 ነው፣ ስለ ብቃት ማረጋገጥ የሚያወራው። በተለይ የ1974ቱ እትም። እሱን የምወደው ጥያቄው ስለሚገርም ነው። «ይህ ዕቃ አዲስ ሳለ ይሠራል ወይ?» አይልም። «40 ዓመት ካረጀ በኋላ፣ በዚያው በመጨረሻው ቀን አደጋ ቢደርስበት ይሠራል ወይ?» ነው የሚለው።

40 ዓመት ማን ይጠብቃል? ስለዚህ ያስረጁታል። ሞተር ጠምጣሚዎች የምታውቋት ሕግ አለች አይደል፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር የኢንሱሌሽኑ፣ የሽቦው ሽፋን፣ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የምትለዋ። እሷኑ ነው የሚጠቀሙባት፣ በእርግጥ ረቀቅ ባለ ስሌት። በግምት እንሥራው። ኬብሉ በሥራ ቦታው 50 ዲግሪ ላይ ይኖራል እንበል። በ130 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ብናስቀምጠው ልዩነቱ 80 ዲግሪ ነው፣ ስምንት ጊዜ ግማሽ ማለት ነው፣ ስለዚህ 256 ጊዜ ይፈጥናል። 40 ዓመቱ 57 ቀን ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ጨረር ይመጣል። ለኬብል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 50 ሜጋራድ (ሜጋራድ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ለ40 ዓመቱ የዕለት ኑሮ፣ ሌላ 150 ሜጋራድ ለአደጋው፣ በድምሩ 200 ነው። ከዚያ ዕቃው መሬት መንቀጥቀጥን በሚመስል ጠረጴዛ ላይ ይናጣል፣ የዚህ ቁጥር 344 ነው፤ በተለምዶ አምስት ጊዜ በመለስተኛው፣ ስድስተኛው በከባዱ። ይህን ሁሉ የቻለ ዕቃ በመጨረሻ ወደ እንፋሎት ጋኑ ይገባል። 171 ዲግሪ። ግፊት። ኬሚካል የተቀላቀለበት ውሃ ከላይ ይረጭበታል። ቤት ያለው የግፊት ድስት ቢበዛ 120 ዲግሪ ቢደርስ ነው። ከምንም በላይ ደግሞ አንዱ ዕቃ ነው ይህን ሁሉ በተራ የሚያልፈው። ለምድጃው አንድ፣ ለንዝረቱ ሌላ፣ ለእንፋሎቱ ሦስተኛ ናሙና ማቅረብ የለም።

እንፋሎቱን ለምን እንደሚፈሩት የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ሴት ታውቃለች። ምጣዱ የሚበላሽባት የቱ ጋ ነው? ገመዱ መሃል ላይ አይደለም። ተርሚናሉ ላይ ነው፣ እንፋሎትና ሙቀት የሚገናኙበት ቦታ። እዚያም ያው ነው። ኬብሉ ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያው፣ ማኅተሙ፣ የተርሚናል ሳጥኑ አብረው ካልተፈተኑ የኬብሉ የምስክር ወረቀት ግማሽ ነው።

ፈተናው በልክ ብቻ አይደለም፣ ህዳግ ይጨመርበታል። ሙቀቱ ላይ 8 ዲግሪ፣ ጨረሩ ላይ 10 በመቶ፣ ንዝረቱ ላይ 10 በመቶ። ይህ ለፋብሪካ ልዩነትና ለመለኪያ ስህተት ነው።

የአሜሪካው ሌላ ጉልበቱ መለያየት ላይ ነው፣ ያንን ደግሞ ያስተማረቻቸው አንዲት ሻማ ናት። መጋቢት 22 ቀን 1975 አላባማ ውስጥ ብራውንስ ፌሪ በተባለ ማመንጫ ሠራተኞች ኬብሎች ግድግዳ በሚያልፉበት ቀዳዳ አየር ይገባ እንደሆነ ይፈትሹ ነበር። በምን? በሻማ ነበልባል። ጧፍ ይዞ ነፋስ እንደሚፈትሽ ሰው። አየሩ ነበልባሉን ሳበውና ቀዳዳው የተደፈነበት ፎም ተያያዘ። ከ1,600 በላይ ኬብል ተቃጠለ። የባሰው ግን ቁጥሩ አይደለም። የዋናውና የመጠባበቂያው ኬብል አንድ መንገድ ይሄዱ ነበር፣ አንዱ ሲነድ መጠባበቂያው አብሮ ነደደ። ከዚያ ወዲህ ነው ሕጉ የጠበቀው። ወይ 3 ሰዓት እሳት የሚችል ግድግዳ በመሃላቸው ይኑር፣ ወይ የ1 ሰዓቱ ከእሳት ጠቋሚና ማጥፊያ ጋር፣ ወይ ደግሞ ጠቋሚና ማጥፊያ ኖሮ ቢያንስ 20 ጫማ፣ 6 ሜትር አካባቢ፣ በመሃሉ የሚቀጣጠል ነገር የሌለበት ክፍተት። ቁጥር 384 የምትባለዋም ሥራዋ ይኸው ነው።

ድክመቱስ? አንድ፣ «ውስጥ ወይ ውጭ» የሚለው አከፋፈል ለመሃል ቤት ዕቃዎች አይመችም። ሁለት፣ የእትሞቹ ነገር ያደክማል፤ አይትሪፕልኢ አዲስ እትም ያወጣል፣ ኮሚሽኑ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት የ1974ቱን ይዞ ነበር። አዲሱን አንብበህ ፈተና ላይ አሮጌውን ይጠይቁሃል እንደማለት ነው። ሦስት፣ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው 60 ኸርዝና 480 ቮልት ናቸው። እኛ 50 ኸርዝ ላይ ነን።

የፈረንሳዩ

አርሲሲ-ኢ ይባላል። የሚያወጣው አፍሰን የተባለ ማኅበር ነው። የአሜሪካው እንደ ሕግና እንደ ፍልስፍና ሲጻፍ ይህኛው እንደ ውል ነው የተጻፈው። ገዢና ሻጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «በዚህ ተስማምተናል» የሚሉት ዓይነት ሰነድ ነው። ለእኔ በጣም የሚጥመኝ ኬ1፣ ኬ2፣ ኬ3 የሚለው አከፋፈሉ ነው። የዕቃውን ክብር ሳይሆን አድራሻውን ነው የሚጠይቀው። ሪአክተሩ የሚቀመጥበት ጉልላት ውስጥ ሆኖ አደጋውን ራሱን ችሎ መሥራት ያለበት ኬ1። እዚያው ውስጥ ሆኖ በተለመደው ሁኔታና በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ብቻ የሚፈለግ ኬ2። ከጉልላቱ ውጭ ያለ፣ ግን መንቀጥቀጡን መቻል ያለበት ኬ3።

ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ መተማና ደባርቅ እላለሁ። አንድ ዓይነት ብሬከር መተማ ብታስቀምጠውና ደባርቅ ብታስቀምጠው አንድ አይደለም። የመተማው ገና ምንም ሳይጫንበት ግሏል። ዕቃው ያው፣ አድራሻው ግን ሌላ።

በነገራችን ላይ ጎንደርም የራሷ አድራሻ አላት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ዓለም አቀፉ ስታንዳርድ የሞተርን አቅም የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ነው፣ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ብሬከርን ደግሞ እስከ 2,000። ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ነው፣ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፣ ብልጭታም በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ አቅሙ ተቀንሶ መታሰብ አለበት። ይህ ካታሎጉ ላይ አለ፣ ግን ከታች፣ በደቃቃ ፊደል። ስንቶቻችን አንብበነዋል? እኔም ብዙ ዓመት አላነበብኩትም ነበር።

የፈረንሳዩን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአህጉራችን ብቸኛው የሚሠራ የኒውክሌር ማመንጫ፣ ኬፕታውን አጠገብ ያለው ኩበርግ፣ ሪአክተሮቹ የፈረንሳይ ሥራ ናቸው። ከ1984 ጀምሮ መብራት ይሰጣል። የአርሲሲ-ኢ የቅርብ እትሞች ደግሞ ብዙውን ነገር በአይኢሲ (IEC)፣ በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ስታንዳርድ፣ ላይ አንተርሰውታል፣ ስለዚህ አይኢሲን የሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ችግሩ ዋጋው ነው። ውድ ነው።

የራሺያው

ብዙ ሰው የሚፈራው ቋንቋውን ነው። ይዘቱ ግን አያስፈራም። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ ከ2022 ጀምሮ እየተገነቡ ያሉት አራት ሪአክተሮች የራሺያ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋዋት። ስለዚህ ነገሩ ከጎረቤታችን ደርሷል።

አከፋፈሉ ከአሜሪካው ይበልጥ ደረጃ ያበዛል። ኤንፒ-001 የሚባለው ሰነድ ዕቃውን ሁሉ ከ1 እስከ 4 ይመድባል፣ ከቁጥሩ ጎን ሥራውን የሚናገር ፊደል ያክልበታል። 4 ማለት ለደኅንነት ጉዳይ የሌለው ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃው ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ላይ ያርፋል። የመሬት መንቀጥቀጡ በሌላ ሰነድ ነው፣ ኤንፒ-031፣ እሱም ሦስት ምድብ አለው። ታኅሣሥና ጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረውን መንቀጥቀጥ ያስታወሰ ሰው ይህን ሰነድ ዘሎ አያልፈውም።

የራሺያውን የምወድለት አንድ ነገር አለ። መብራት ተጠቃሚውን ዕቃ በትዕግሥቱ ይከፍለዋል። አንደኛው ቡድን ለሰከንድ ክፍልፋይ እንኳ መቋረጥ የማይችል ነው፣ ለእሱ ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ተራ መብራት የሚቀይር ኢንቨርተር። ሁለተኛው ዲዝሉ እስኪነሳ የሚታገስ። ሦስተኛው ቢጠፋበትም ምንም የማይሆን። እንዲህ ዓይነቱን ክፍፍል ማንም የጎንደር የቤት እመቤት ሳታውቀው ትሠራበታለች። የስልኩ ቻርጅ መጀመሪያ፣ ፍሪጁ ቀጥሎ፣ ቴሌቪዥኑ ይቅር። ሆስፒታል ያለ ሰው ደግሞ በደንብ ያውቀዋል።

የኤንፒ ሰነዶችን የሚያወጣው የራሺያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው፣ በነፃም ይገኛሉ። በራሺያኛ ስለሆኑ ግን ነፃነታቸው ግማሽ ነው። እዚህ ጎንደር ድሮ ራሺያ የተማሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ጡረታ ወጥተው ቤት ተቀምጠዋል። ሂዱና «አባባ፣ ይህችን ገጽ አስነብቡኝ» በሏቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

የጀርመኑን ኬቲኤን በአንድ አንቀጽ ልለፈው። ጥልቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙም በነፃ ይገኛል። ግን ጀርመን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሪአክተሮቿን ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዘግታለች። ለእውቀት አንብቡት። እንጀራ ይሆነኛል ብላችሁ ግን አትጀምሩት።

ዓለም አቀፉ

እዚህ ጋ ሁለት ቤቶች አሉ። አንዱ አይኢሲ፣ ስታንዳርድ የሚያወጣው። ሌላው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ፣ ቪየና ያለው፣ መመሪያ የሚያወጣው። አይኢሲ ሥራውን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ይመድባል፣ ቁጥሩ 61226 ነው። ኤ ያለሱ አደጋው የማይገታ፣ ቢ «ኤ»ን የሚያግዝ፣ ሲ ደግሞ ከእነሱ ራቅ ያለ ድርሻ ያለው። ከአሜሪካው ሁለት ሳጥን ይህ ሦስት ሳጥን ለሕይወት ይቀርባል ባይ ነኝ።

ትልቁ ዜና ግን የ2016ቱ ነው። በዚያ ዓመት አይኢሲና አይትሪፕልኢ የብቃት ማረጋገጫ ሰነዶቻቸውን አዋሕደው አንድ አወጡ፣ 60780-323 ይባላል። በ2020 የመሬት መንቀጥቀጡንም አዋሐዱት፣ 60980-344 ብለው። ስማቸው ላይ የሁለቱም የድሮ ቁጥር አለ። ስለዚህ «የአሜሪካው ወይስ የአውሮፓው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ክፍል ላይ ግማሽ በግማሽ አርጅቷል።

የኤጀንሲው መመሪያዎች ደግሞ በነፃ ይወርዳሉ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ። ለኤሌክትሪክ ሰው ዋናው ኤስኤስጂ-34 ነው፣ የ2016። እሱ ስለ አንድ ዕቃ አያወራም፣ ስለ ጠቅላላው የመብራት መንገድ ነው፦ ከውጭ ከሚመጣው መስመር እስከ መጨረሻዋ ባትሪ። የዕቃ ብቃትን ለብቻው የሚያየው ኤስኤስጂ-69 ነው።

መንገዱን ሁሉ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ፉኩሺማ ይናገራል። መጋቢት 11 ቀን 2011 ውሃው ሲገባ 13 ዲዝል ነበሩ። ሥራውን የቀጠለው አንድ ብቻ ነው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ የስድስተኛው ሪአክተር። ሌሎች ሁለት በአየር የሚቀዘቅዙ ዲዝሎች ራሳቸው ውሃ አልነካቸውም ነበር። ግን የሚያመነጩትን መብራት የሚቀበለው ማከፋፈያ ቦርድ ሰጥሟል። ዲዝሉ ጤነኛ፣ ቦርዱ ሙት። በኋላ ሠራተኞቹ የመኪና ባትሪ ለቅመው፣ እያገናኙ፣ በጨለማ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ጌጆቹን ለማንበብ ሞከሩ። የባጃጅ ባትሪ አውጥቶ ቤቱን የሚያበራ ሰው ይህን ትዕይንት በደንብ ይስለዋል።

ከወረቀቱ በስተጀርባ

አሁን ሁሉም ስታንዳርድ እኩል የሚወድቅበት ቦታ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ ሥራ ብሬከር ገዛሁ፣ የሱቁን ስም አልጠራም። ሁለቱም 32 አምፔር የሚል ተጽፎባቸዋል፣ ሁለቱም ላይ ያው ምልክት፣ ያው ቁጥር። በእጄ ስመዝናቸው አንዱ ቀለለኝ። ቤት ወስጄ ሪቬቱን በድሪል አወጣሁና ሁለቱንም ከፈትኳቸው። የከባዱ ውስጥ ብልጭታውን የሚቆራርጡት የብረት ሳህኖች 11 ናቸው፣ በሥርዓት የተደረደሩ። የቀላሉ ውስጥ ሦስት። ከውጭ ግን መንታ ናቸው። ያን ቀላሉን እስካሁን ክፍል ይዤ እገባለሁ፣ ተማሪ ሁሉ ይዳስሰዋል።

ይህ የእኛ ገበያ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደቡብ ኮሪያ በዘርፉ አሉ ከሚባሉት አንዷ ናት፣ ለኤምሬትስ ባራካህ አራት ሪአክተር የሠራች። በ2012 ማብቂያ ላይ የተጭበረበረ የምስክር ወረቀት ያላቸው ዕቃዎች ተገኙባትና ሁለት ሪአክተር አቆመች። በግንቦት 2013 ደግሞ የባሰ መጣ። የመቆጣጠሪያ ኬብሎች የፈተና ሪፖርት ተጭበርብሯል፣ ያውም ለአደጋ ጊዜ ብቃት የተሰጠው። ሁለት ሪአክተሮች እንዲቆሙ ተደረገ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ኬብሉ ሳይቀየር እንዳይነሱ ታዘዘ። ስታንዳርዱ ምንም አልጎደለውም ነበር።

ስለዚህ የቱንም ብትመርጡ የምስክር ወረቀት ስታዩ እነዚህን ጠይቁ። ማን ፈተነው? የፈተናው ናሙና ከተሸጠልኝ ጋር አንድ ነው? ለስንት ዓመት፣ በስንት ዲግሪ፣ ለየትኛው ክፍል? ተርሚናሉ አብሮ ተፈትኗል? ሻጩ «ኧረ ተወው፣ ኦሪጅናል ነው» ካላችሁ ዕቃውን ትታችሁ ውጡ።

ታዲያ የቱን?

ገና ተማሪ ከሆንክና ኪስህ ባዶ ከሆነ በኤስኤስጂ-34 ጀምር። ነፃ ነው፣ አንድ ወር በቂ ነው። ከእሱ ጎን የአሜሪካው ኮሚሽን ሕጎችና መመሪያዎችም በነፃ ይገኛሉ፣ በተለይ 50.49 የምትባለዋን የ1983 ሕግ አንብባት፣ ጥቂት ገጽ ናት። ነገሩ ሁሉ በእሷ ውስጥ ተጠቅልሏል።

ተቋም የሚከፍልልህ ከሆነ 60780-323ን አስገዛ። ከሁሉም ቤት ጋር የምትግባባበት ቋንቋ ይህ ነው፣ ለእኔ አንደኛ ምርጫዬ። በግልህ ለመግዛት ግን አታስብ፣ የአይኢሲ ዋጋ በስዊዝ ፍራንክ ነው።

ሮሳቶም ጋ የትምህርት ዕድል እጠብቃለሁ የምትል ከሆነ ራሺያኛውን ዛሬ ጀምር፣ ሰነዱ ይደርሳል። ቋንቋው ነው ዓመት የሚፈልገው። ኤንፒ-001ን በእጅህ ይዘህ ፊደሉን ብታጠና አንድ ድንጋይ ነው ሁለት ወፍ የሚመታልህ።

ሶፍትዌርና ዲጂታል ቁጥጥር የሚስብህ ልጅ ደግሞ መንገድህ ሌላ ነው፤ ከአሜሪካው ቁጥር 603ን፣ ከአይኢሲ 61513ንና 60880ን ፈልግ። እኔ የድሮ ሰው ነኝ፣ ከሪሌ አላለፍኩም።

ሥራህ እዚሁ ከሆነ፣ ሆስፒታል፣ ፋብሪካ፣ ወፍጮ ቤት፣ ከፈረንሳዩ የአድራሻውን ጥያቄ፣ ከራሺያው የትዕግሥቱን ክፍፍል፣ ከአሜሪካው መለያየቱን ውሰድ። የዋናውንና የጀነሬተሩን ኬብል በአንድ ቱቦ የሚያስገባ ሰው ጎንደር ውስጥ ሞልቷል።

አዘዞ ያለው ባለወፍጮ ሞተሩን አስጠምጥሞ ሲጨርስ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌ አስገባንለት። ብዙ ጨቅጭቆኝ ነው፣ «ይቺን ለምታክል ሳጥን?» እያለ። በሰኔ ወር አንድ ቀን ማታ ደወለ። «ወንድምዓለም፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ አልነሳ አለ።» ፌዞቹን ለካቸው አልኩት። አምፖሉን ይዞ አንድ በአንድ ነካ። ሦስተኛው ላይ አልበራም።